አንቱ

ሸዋ በር፣ ከባጃጅ ተራው ዝቅ ብሎ፣
አንዲት የስፌት መኪና፣ አንድ መስተዋት ተሰቅሎ፣
የኔ ሱቅ ያቺ ናት። ሱሪ አሳጥራለሁ፣
ዚፕ እቀይራለሁ፣
የሰው ወገብ ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።
ማን ሆዱን እንደሚስብ፣ የማን ትከሻ እንደሚያዘነብል፣
ሜትሬ ያውቀዋል። የራሴን ልክ ግን አልጻፍኩም እስካሁን ድረስ።

ሐሙስ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
ላሜራውን ስቤ፣ አምፖሉን በጨርቅ ከሸፈንኩ በኋላ፣
አራት ሆነን እንቀመጣለን የጣቃ ጥቅል ላይ፤
አደም ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ፤
ፋንታነሽ ነርሷ፣ ከሐይቅ፣ ከምትወዳት ጋር ቤት ተከራይታ፣
ለጎረቤቱ ሁሉ “ያክስቴ ልጅ” ብላ አስተዋውቃታ፤
እና ይመር፣ ባጃጁን ሌላ ሰፈር አቁሞ፣
ኮፍያውን ደፍቶ፣ እንደታመመ ሰው አዝግሞ።

እርስ በርስ ስንጠራራ “ዜጋ” ነው የምንባባለው።
የቀበሌው ዘበኛ አንድ ማታ ሲያልፍ ሰማው፤
“ጎሽ! ስለ አገር የሚያወራም አለ!” ብሎ ሄደ።
ሳቅን፣ አፋችንን በቁራጭ ጨርቅ ይዘን።
መታወቂያችን ላይም ቃሉ አለ፣
ኪስ ውስጥ ታጥፎ፤ እኛም እንደሱ ታጥፈን።

ከክር ሳጥኑ ስር ቀሚሱ ይወጣል፤
አረንጓዴ፣ እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ጠበብ ይላል።
ይመር ሲለብሰው…
ሲለብሰው ማለት አልችልም። ስትለብሰው
ግሡ ራሱ ይዞራል እንደ ቀሚሱ ጫፍ፤
“መጣህ” ያለው ምላሴ “መጣሽ” ይላል ሳያዛንፍ።

ችግሩ ደጅ ነው። አማርኛ በር ላይ ቆሞ ይፈትሻል፤
“ህ” ነህ ወይስ “ሽ”? ከዚህ ወዲያ ማን ያልፋል?
“ወንድሜ፣ ቧንቧ ውሃ አድርሰኝ” ይለዋል ተሳፋሪው፤
እሱ ይነዳል። እሷ ከኋላ ወንበር፣ ዝም ብላ፣
ሂሳቧን ማን ይቀበለው?

ጥቅምት ላይ እናቱ እመት ዘምዘም አረፉ።
ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሸራ ተሸክመው ተሰለፉ፤
ሰኞ ገበያ ጀርባ ሁለት ድንኳን፣
አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት፤
በመሃል አንድ ክንድ ተኩል መንገድ፣ ጭቃ ያለበት።
ይመርን እዚያ ጭቃ ላይ ቆሞ አየሁት።
ወንዶቹ “ና” አሉ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው፤
ከሴቶቹ በኩል የእናቱ ስም በሲቃ ይሰማል።
ልቡ ወደዚያ፣ ጫማው ወደዚህ።
ስንት ደቂቃ? አልለካሁም፤ ሜትሬን አልያዝኩም።

ያኔ እማማ ሙሉሸት፣ የሟች የልጅነት ጓደኛ፣
ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣
ወደ ቆመው ጥላ ቀና ብለው፣
“አንቱ” አሉ።
“አንቱ፣ እዚህ ይቀመጡ። እናትዎ ሲጨንቃቸው
ስምዎን ነበር የሚጠሩ።”
የትኛውን ስም? አልተናገሩም። የጠየቀም የለ።

“ዓይናቸው ነው፣ ሽማግሌ መስሏቸው” አለ አንዱ።
የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አንቱ ተብሎ ያውቃል?
እኔ ግን ቃሉን እንደ ጣቃ ዳሰስኩት፤
“ህ” የለበት፣ “ሽ” የለበት፣
ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ አጣሁት።
ለክብር ብለው የሰፉት የጥንት ሰዎች
ይህ ኪስ እንዳለው ያውቁ ነበር?

ተቀመጡ። ይመር ተቀመጡ፣
በሁለቱ ድንኳን መሃል፣ በርጩማ ላይ፣
እንደ ልባቸው አለቀሱ።

በሐሙሱ አደም፣ “እንግዲህ ምን እንበልሽ?” አላት፤
“አንቱ እንበል ይሆን?”
አረንጓዴውን ቀሚስ እየቆለፈች ሳቀች፤
“አንቱ የእማማ ሙሉሸት ስጦታ ነው፣ የአደባባይ ካባዬ።
እዚህ ግን አንቺ በሉኝ። የቤት ልብሴን አትንሱኝ።”

ላሜራው ተንኳኳ።
አምፖሉን አጠፋሁ። አራት ትንፋሽ ቆመ።
“ባለ ሱቅ! የልጄ ዩኒፎርም ለነገ ይደርሳል?”
“አብሽር፣ ይደርሳል” አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ፣
በጨለማው ቀሚሱ ሲንሿሿ እየሰማሁ።